በማምረቻ ማሽንና በአካባቢው መካከል የሚደረግ የሙቀት ልውውጥ ስሌት

ቶርኖ፣ ፍሬዛና መሰል ብረት ቆራጭ ማሽኖች በሥራ ላይ ሳሉ ከሞተሩ፣ ከኩሽኔታውና ከመቁረጡ ሥራ ሙቀት ይመነጫል። ከፊሉ በማሽኑ አካል ይከማቻል፤ ቀሪው ወደ ወርክሾፑ አየር፣ ግድግዳና ወለል ይተላለፋል። ይህን ልውውጥ ማስላት ያስፈለገው ብረት ሲሞቅ ስለሚረዝም ነው። በአይ.ኤስ.ኦ ደረጃ መሠረት የዕቃ ልክ የሚጠቀሰው በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። በ28 ዲግሪ ሳለ ልኩን ጠብቆ የተቆረጠ 500 ሚሊሜትር የብረት ዘንግ ወደ 20 ዲግሪ ሲመለስ 0.046 ሚሊሜትር ገደማ ያጥራል። አሉሚኒየም ቢሆን ልዩነቱ እጥፍ ይሆናል። ጥብቅ ልክ ለታዘዘበት ዕቃ ይህ ውድቅ ለመደረግ በቂ ምክንያት ነው።

የመነሻ ስሌቱ ቀላል ነው፤ የሚመነጨው ሙቀት ከሚከማቸውና ከሚወጣው ድምር ጋር እኩል ነው። የሚወጣው ሙቀት የሚገኘው የማሽኑ ገጽ ስፋት፣ ከአየሩ ጋር ያለው የሙቀት ልዩነትና የማስተላለፊያ መጠኑ ሲባዙ ነው። ነፋስ በሌለበት ክፍል የማስተላለፊያው መጠን፣ ጨረርን ጨምሮ፣ ለ1 ካሬ ሜትር በ1 ዲግሪ 10 ዋት ያህል ተደርጎ ሊወሰድ ይችላል።

ለምሳሌ 1,000 ኪሎግራም የሚመዝን፣ 4 ካሬ ሜትር ገጽ ያለውና ያለማቋረጥ 300 ዋት ሙቀት የሚቀበል ማሽን ከአየሩ በ7.5 ዲግሪ እስኪበልጥ ድረስ ይሞቃል። ሆኖም ወዲያው አይደለም። ጠዋት 2:00 ሰዓት ቢነሣ፣ እስከ 5:20 ድረስ የሚደርሰው የዚህን 63 በመቶ ብቻ ነው። በመሆኑም የጠዋቱና የከሰዓቱ ምርት፣ ባለሙያው ምንም ሳያጠፋ፣ ልኩ ሊለያይ ይችላል። ማሽኑን አስቀድሞ ያለ ሥራ አሽከርክሮ ማሞቅ የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ይህ ስሌት ማሽኑን እንደ አንድ ወጥ አካል ይቆጥራል። በተግባር ግን ሙቀቱ በስፒንድሉ ዙሪያ ስለሚበረታ አካሉ ይጣመማል፤ ለዚህ ማሽኑን በብዙ ክፍልፋዮች ከፍሎ በኮምፒውተር ማስላት ያስፈልጋል። የተከፈተ በር የሚያስገባው ነፋስ የማስተላለፊያውን መጠን ይለውጣል፤ በአንድ ጎን ብቻ የሚያርፍ ፀሐይ ደግሞ፣ ብዙ ጊዜ ቸል ቢባልም፣ ማሽኑን ሊያጎብጥ ይችላል። ስለዚህ የማሽኑ ቦታ ከመስኮትና ከበር ርቆ ቢመረጥ ይመረጣል።

ማሽን የሚገዙ አምራቾች በአይ.ኤስ.ኦ 230 ክፍል 3 መሠረት የተደረገ የሙቀት ተጽዕኖ ፍተሻ ውጤት ከሻጩ መጠየቅ ይችላሉ።