የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት ሞኞች

በመካከለኛው ዘመንና በቱዶር ነገሥታት ጊዜ፣ በእንግሊዝ ሞኝነት የቤተ መንግሥት አገልግሎት ነበር። ነገሥታትና መኳንንት ቀለብና ልብስ እየሰጡ በቤታቸው ሞኞች ያኖሩ ነበር። እነዚህ ሰዎች ጌታቸውን ያስቃሉ፤ ሌላ አሽከር ቢናገረው የሚቀጣበትንም ነገር ፊት ለፊት ይናገራሉ (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

ሞኞቹ ሁለት ዓይነት ነበሩ። አንደኛው ከልደቱ ጀምሮ አእምሮው ያልዳበረ፣ «የተፈጥሮ ሞኝ» የሚባለው ነው። ሁለተኛው አስተዋይ ሆኖ ሳለ ለእንጀራው ሲል ሞኝ የሚመስል አጫዋች ነው። ልዩነቱ በሕግም ክብደት ነበረው። የንጉሡን መብቶች የዘረዘረው የመካከለኛው ዘመን ሕግ፣ የተፈጥሮ ሞኝን ርስት ንጉሡ እንዲይዝ፣ ከገቢው ለባለቤቱ የሚያስፈልገውን እንዲሰጥ፣ ሰውየው ሲሞትም መሬቱን ለወራሹ እንዲመልስ ያዝዝ ነበር። በ1540 የተቋቋመው የሞግዚትነት ፍርድ ቤት ይህንኑ ጉዳይ ይመለከት ጀመር። የተፈጥሮ ሞኝ ተንኮል የማያውቅ የዋህ ነው ተብሎ ስለሚታመን ንግግሩ እንደ በደል አይቆጠርበትም ነበር። አጫዋቹም በነጻነት የሚናገረው በዚሁ እምነት ተጠልሎ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ስማቸው የቀረው የሄንሪ ስምንተኛ ሞኞች ናቸው። ካርዲናል ዎልሲ በ1529 ከሥልጣን ሲወርድ ፓች የተባለውን ሞኙን ለንጉሡ በስጦታ ላከ። ፓች ግን ከጌታው አልለይም ብሎ ስለታገለ ጠንካራ አሽከሮች በግድ ይዘውት ሄዱ። አንድ ሰው እንደ ዕቃ ከጌታ ወደ ጌታ መተላለፉ የኑሮውን መራራ ገጽታ ያሳያል። ከዚያ በኋላ የመጣው ዊል ሶመርስ ንጉሡን እስከ ዕለተ ሞቱ አገለገለ፤ በልጆቹም ዘመን በቤተ መንግሥት ቆይቶ በ1560 ሞተ። በ1545 ገደማ በተሳለው የንጉሡ ቤተሰብ ሥዕል ላይ በግራና በቀኝ በሮች የሚታዩት ሶመርስና ጄን የተባለች ሴት ሞኝ እንደሆኑ ይታመናል። የልዕልት ሜሪ የወጪ መዝገብ ለጄን ልብስና ፀጉሯን ለመላጨት የተከፈለውን ገንዘብ ይዟል።

የመናገር ነጻነቱ ግን ገደብ ነበረው። በ1535 ከንጉሡ ሞኞች አንዱ የተፈታችውን ንግሥት ካትሪንን አወድሶ አዲሲቱን ንግሥት አን ቦሊንን በመስደቡ ንጉሡ ሊገድለው ምንም አልቀረውም፤ ሞኙም ከአንድ ሹም ቤት ተሸሸገ። ይህንን የዘገበው በለንደን የነበረው የቅድስት ሮማ ንጉሠ ነገሥት አምባሳደር ሻፒዊ ነው። ነጻነቱ በሕግ የጸና መብት ሳይሆን ጌታው ሲሻ የሚሰጠው፣ ሲቆጣም የሚነሳው ችሮታ ነበር።

ሞኙ ከቤተ መንግሥት ወደ ቲያትር መድረክም ወጣ። በ1599 ገደማ ከሼክስፒር ቡድን ጋር የተቀላቀለው ተዋናይ ሮበርት አርሚን፣ በ1600 ስለ ሞኞች ሕይወት መጽሐፍ አሳተመ። በዚህ ጊዜ የተጻፉት የሼክስፒር ሞኞች ጌቶቻቸውን በብልሃት የሚገሥጹ ናቸው። የንጉሥ ሊርን እብደትና የሞኙን ታማኝነት የሚያሳየው ተውኔት በታኅሣሥ 1606 በንጉሥ ጄምስ ፊት ቀረበ።

ጄምስ ራሱ ከስኮትላንድ ያመጣው አርቺቦልድ አርምስትሮንግ የሚባል ሞኝ ነበረው። አርምስትሮንግ ሀብት ያካበተ፣ ምላሱም የተፈራ ሰው ሲሆን ከጄምስ በኋላ ቻርልስ አንደኛን አገለገለ። በ1637 ሊቀ ጳጳስ ላውድ የደገፈው አዲስ የጸሎት መጽሐፍ በስኮትላንድ ሁከት ሲያስነሣ፣ አርምስትሮንግ ሊቀ ጳጳሱን ማን ሞኝ እንደሆነ አሁን ታየ በሚል ተረብ ነካው። በተከታዩ ዓመት የንጉሡ ምክር ቤት የማዕረግ ልብሱን አስወልቆ ከአገልግሎት አባረረው። አርምስትሮንግ ወደ ከምበርላንድ ሄዶ እስከ 1672 ኖረ፤ ላውድ ግን በ1645 አንገቱን ተቀላ።

ሞኝ የማኖር ልማድ ያከተመው በቻርልስ አንደኛና በፓርላማው መካከል በተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ነው። ቻርልስ በጥር 1649 ሲገደል ቤተ መንግሥቱ ተበተነ፤ የሚያስቁትም የሚመግባቸውም አልቀረም። በ1660 ዘውዱ ሲመለስ የሞግዚትነት ፍርድ ቤት በሕግ ቀረ፤ ሞኝን በቤተ መንግሥት ማኖርም እንደ ጥንቱ አልተመለሰም። በቻርልስ ሁለተኛ ዘመን የንጉሥ ቀልደኛ የሚል ስም የወጣለት ቶማስ ኪሊግሩ ተውኔት ጸሐፊና የቲያትር ባለቤት እንጂ በቀለብ የሚኖር ሞኝ አልነበረም። ንጉሡን የመተቸቱ ሥራ ከዚያ ወዲያ ለፓርላማና ለኅትመት ቀረ።