በፋጉሎ ውስጥ የተሸሸገው መርዝ

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1960 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ከ100,000 የሚበልጡ የቱርክ ዶሮ ጫጩቶች በጥቂት ወራት ውስጥ አለቁ። የእንስሳት ሐኪሞች በመጀመሪያ ተላላፊ በሽታ ነው ብለው ቢጠረጥሩም ጀርሙ ሊገኝ ስላልቻለ በሽታውን «ኤክስ» ብለው ሰየሙት። ምሥጢሩ መገለጥ የጀመረው «ምን ያዛቸው?» የሚለው ጥያቄ «ምን በሉ?» በሚለው በተተካ ጊዜ ነው። የመኖው ምንጭ ሲመረመር ከብራዚል የገባ የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ ግን የአንድ አገር ጭነት ጉድለት ብቻ አልነበረም፤ በዚያው ዘመን በኬንያና በኡጋንዳም በኦቾሎኒ ፋጉሎ የተቀለቡ የዳክዬ ጫጩቶች ሞተዋል።

እ.ኤ.አ. በ1961 ተመራማሪዎች ከኡጋንዳ በመጣ ኦቾሎኒ ላይ አስፐርጊለስ ፍላቨስ የተባለውን ሻጋታ ለይተው መርዙን የሚያመነጨው እርሱ መሆኑን አረጋገጡ። «አፍላቶክሲን» የሚለው ስያሜም ከዚሁ ሻጋታ ስም የተውጣጣ ነው። መርዙ በዓይን ባይታይም በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሥር ያበራል፤ ዓይነቶቹ «ቢ» እና «ጂ» የተባሉትም በሚያሳዩት የሰማያዊና የአረንጓዴ ቀለም የእንግሊዝኛ ስም መነሻ ፊደላት ነው።

ይሁን እንጂ የላቦራቶሪ ጥበብ ብቻውን አይበቃም። መርዙ በእህሉ ውስጥ እኩል ስለማይሰራጭ፣ ከጆንያው አፍ ብቻ የተዘገነ ናሙና የተበከለውን እህል ንጹሕ ሊያሰኘው ይችላል። ሙቀትን ስለሚቋቋምም በተለመደው አበሳሰል አይጠፋም። በመሆኑም ዋናው መከላከያ እህሉን ፈጥኖ ማድረቅና ከእርጥበት መጠበቅ ነው። ይህ ሲጓደል የሚደርሰው ጉዳት እ.ኤ.አ. በ2004 በምሥራቅ ኬንያ ታይቷል፤ በእርጥበት የተከማቸ በቆሎ ከበሉት መካከል 317 ሰዎች ታመው 125ቱ ሞተዋል።

ጉዳዩ አገራችንንም ይመለከታል። የተበከለ መኖ የበላች ላም መርዙን «ኤም 1» በተባለው መልኩ ወደ ወተቷ ታሳልፋለች። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባና በአካባቢዋ በተሰበሰቡት 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉ፣ መጠኑ ቢለያይም፣ ይህንኑ አግኝቷል፤ ከመኖው መካከልም በተለይ የኑግ ፋጉሎን ተጠያቂ አድርጓል። እንግዲህ የሕፃናቱን ወተት መጠበቅ የሚጀምረው ኑጉ ከሚደርቅበት አውድማና ከሚከማችበት መጋዘን ነው።