«ፌሎኒ»፣ «ሚስዲሚነር»፣ «ቶርት»

«ፌሎኒ» በእንግሊዝኛ ከባድ ወንጀል የሚጠራበት ቃል ነው። በጥንቱ የእንግሊዝ ሕግ ፌሎኒ የፈጸመ ሰው መሬቱንና ንብረቱን ይነጠቅ ነበር፤ ቅጣቱም አብዛኛውን ጊዜ ሞት ነበር። ቀለል ያለው ጥፋት «ሚስዲሚነር» ይባላል። እንግሊዝና ዌልስ ይህን ክፍፍል እ.ኤ.አ. በ1967 በወጣ ሕግ ሲያስቀሩት፣ አሜሪካ ግን ዛሬም ትሠራበታለች።

በአሜሪካ ፌዴራላዊ ሕግ ከአንድ ዓመት በላይ ሊያሳስር የሚችል ወንጀል ፌሎኒ ነው። መለኪያው ሕጉ የፈቀደው ከፍተኛ ቅጣት እንጂ ዳኛው የፈረደው አይደለም። ስለዚህ ተከሳሹ አንድም ቀን ሳይታሰር በገደብ ቢለቀቅ እንኳ በፌሎኒ ጥፋተኛ ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል።

በአሜሪካ የስደተኞች ሕግ የሚገኘው «አግራቬትድ ፌሎኒ» ይበልጥ ያሳስታል። ስሙ የከፋ ፌሎኒ ብቻ ያስመስለዋል፤ ነገር ግን አንዳንድ ክፍለ ግዛቶች ሚስዲሚነር የሚሉትንም ጥፋት ሊያካትት ይችላል፤ መዘዙም ከአገር መባረር ነው። የአሜሪካ ዜግነት ላላገኘ ኢትዮጵያዊ ሁሉንም በደፈናው «ወንጀል» ብሎ መተርጎም ይህን አደጋ ይሸፍንበታል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2010 ፓዲላ በተባለ ተከሳሽ ጉዳይ፣ ጥፋተኝነትን ማመን ሊያስባርር እንደሚችል ጠበቃው ለደንበኛው የመንገር ግዴታ እንዳለበት ወስኗል።

«ቶርት» ግን የፍትሐ ብሔር በደል ነው። ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ሳይሆን ተጎጂው ራሱ ነው፤ የሚጠይቀውም በአብዛኛው ካሳ ነው። ሆኖም አንድ ድብደባ ወንጀልም ቶርትም ሆኖ በሁለት ፍርድ ቤት ሊታይ ይችላል።