ኪክ ሰርቭ
በሜዳ ቴኒስ ኳሷ በብርቱ ሽክርክሪት ከመረቡ በላይ ከፍ ብላ አልፋ፣ በሰርቭ ክልሉ ውስጥ ድንገት ወርዳ፣ ከነጠረችም በኋላ ወደ ተቀባዩ ትከሻ የምትዘልበት የማስጀመሪያ ምት ሲሆን፣ ለሁለተኛው ሙከራ የሚመረጠው ለሕፀፅ የሚተወው ስፍራ ሰፊ ስለ ሆነ ነው። ቀኝ እጁን የሚጠቀም ተጫዋች ኳሷን ከራሱ በላይ ጥቂት ወደ ግራ አዘንብሎ ይወረውራታል፤ ራኬቱንም ከግራ ወደ ላይ፣ ወደ ቀኝ እየጠረገ ያሳልፈዋል እንጂ ፊት ለፊት አይመታትም። በእንጦጦ ግርጌ ባለችው በሸጎሌ ግን፣ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ በመሆኗ፣ አየሩ ሩብ ያህል የሳሳ ስለ ሆነ ሽክርክሪቱ ኳሷን ቁልቁል የመጫን ኃይሉ ይደክማል፤ በአየሩ መሳሳት ምክንያትም የዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ሕግ ከ1,219 ሜትር በላይ ላሉ ሜዳዎች የተለየ ኳስ ፈቅዷል። በባሕር ጠረፍ አገር የተጻፈ መመሪያ ይዞ እዚህ የሚለማመድ ሰው ኳሷ ከመስመር ስትወጣ በከንቱ ክንዱን ይወቅሳል፤ ይልቁንስ ጠረጋውን ወደ ላይ ያጠንክር፣ አስቀድሞም ሳይመታ ውርወራውን ብቻ፣ ኳሷ በአንድ ቦታ እስክትወድቅ ድረስ፣ ያጽና።