ፊደልና ቁና፦ ስለ ሕፃናት ትምህርት አሰናዳድ

ሕፃን ወደ መምህሩ ሲቀርብ ባዶውን አይመጣም፤ የእናቱን ቋንቋና በሰፈሩ ያየውን ሁሉ ይዞ ይመጣል። የኢዮቤልዩ በዓል ያለፈውን ማሰቢያ ነውና፥ የቀድሞ መምህራን ትምህርትን እንዴት ያሰናዱ እንደ ነበረ መዘከር ይገባል።

በቄስ ትምህርት ቤት ሕፃኑ 33ቱን ፊደላት ከነ7 ድምፃቸው፥ ይኸውም 231 ሆነው፥ በስንደዶ እያመለከተ በዜማ ያጠና ነበር። ቀጥሎም አቡጊዳ ይሰጠዋል፤ በዚያ የፊደሉ ተራ ስለሚለወጥ በቃሉ ብቻ የያዘው ይሰናከላል፥ በዐይኑ የለየው ግን ያልፋል። ከዚያም መልእክተ ዮሐንስና ዳዊት ይከተላሉ። ባሕረ ሐሳብ የደረሱት ተማሮች ትምህርት ቢሆንም፥ ሕፃኑ ወራቱን በበዓላት እየቆጠረ፥ ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ 6 ቀን እንደምትሆን እየሰማ ያድግ ነበር።

ጉድለት ግን አልታጣም። ግዕዙ ሳይተረጐምለት አፉ ሲያነብ ልቡ የማያስተውል ሕፃን ብዙ ነበረ። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ያቆሙት ዘመናዊ ትምህርት ቤትም ለአዲስ ዕውቀት በር ቢከፍት፥ የውጭ ቋንቋ ስለ በዛበት ከሕፃኑ ቤት የራቀ ነበረ። ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ ያዘዘው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የወጣው በ1986 ዓ.ም. ነው።

ይህ ነገር ለመሳለሚያ ይልቁን ይከብዳል። በጠላት ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ ገበያው ከአራዳ ወደ መርካቶ ከተዛወረ ወዲህ ጉራጌው፥ ኦሮሞው፥ አማራውና ሌላውም በአንድ ሰፈር ኖረ፤ እህል በረንዳም ጎረቤቱ ሆነ። የዚህ ሰፈር ልጅ ፊደል ሳይቈጥር ጤፍን ከገብስ ይለያል። እንግዲህ መምህሩ አንድ ቁና ጤፍና አንድ ቁና ገብስ በሚዛን ቢያስመዝነው፥ ጤፉ ስለ ምን እንደ ከበደ ይጠይቃል፤ የቅንጣቶቹንም መጠጋጋት ያስተውላል። «ጤፍ» የሚለውን ቃል ሲጽፍ፥ ጓደኛው በኦሮምኛ «ጣፊ» ብሎ ቢያሰማው የሁለቱን ድምፅ ያነጻጽራል። ሽምብራ ዘፍዝፎ ሲበቅል ቢያይ የዘርን ነገር ይረዳል።

የቤቱ ቋንቋና ሥራ በትምህርት ቤት ያልተነሣለት ልጅ ዝም ይላል፤ ዝምታውም እንደ ድንቍርና ይቈጠርበታል። ስለዚህ የሕፃናት መምህር ትምህርቱን ከማሰናዳቱ አስቀድሞ ልጁ ከቤቱ ምን ይዞ እንደ መጣ ሊጠይቅ ይገባዋል።