ርዕሱን ያስቀየረ እርማት፦ የሞታ ዋሻው ሰው

አንድ ጥናት በታዋቂ ጆርናል ላይ ከታተመ በኋላ ስህተት ቢገኝበት ምን ይሆናል? መልሱን ከሩቅ አገር መፈለግ አያስፈልጋችሁም፤ ታሪኩ የሚጀምረው እዚሁ ጋሞ ደጋ ላይ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2012 ሞታ ከተባለ ዋሻ የአንድ ሰው አፅም ተቆፍሮ ወጣ። ሰውዬው የኖረው ከ4,500 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ተመራማሪዎቹ «ባይራ» አሉት፤ በጋሞኛ በኩር እንደማለት ነው። የደጋው ብርድ ዲኤንኤውን ጠብቆ ስላቆየው፣ ሙሉ ጂኖሙ ሊነበብ ቻለ። ከአፍሪካ ምድር እንዲህ የተነበበ የመጀመሪያው ጥንታዊ ጂኖም ነው።

ውጤቱ በ2015 «ሳይንስ» በተባለው ጆርናል ወጣ። ባይራ የኖረው ከ3,000 ዓመት ገደማ በፊት ከዩሬዥያ ወደ አፍሪካ ከተደረገው ፍልሰት አስቀድሞ ነው። ስለዚህ እንደ መለኪያ ሆኖ አገለገለ፦ የዛሬ አፍሪካውያን ከእሱ ጋር ሲነጻጸሩ፣ በኋላ የገባው ዘር ምን ያህል እንደሆነ ይታያል። መደምደሚያው ጉድ የሚያሰኝ ነበር። የፍልሰቱ አሻራ ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ሳይቆም፣ በምዕራብ ዮሩባዎች፣ በመካከለኛው አፍሪካም ምቡቲዎች ድረስ ደርሷል ተባለ። የጥናቱ ርዕስ ራሱ «በመላው የአፍሪካ አህጉር» የሚል ነበር። ዜናውም ዓለምን አዳረሰ።

ለካ መለኪያው ራሱ ተዛብቶ ኖሯል! ለትንተናው ያገለገሉት ሁለት ሶፍትዌሮች እርስ በርስ አይግባቡም ነበር። የአንዱን ውጤት ለሌላው የሚያመቻች አንድ እርምጃ ተዘለለ። በዚህም የተነሳ ባይራ ከማጣቀሻው የሰው ጂኖም ጋር የሚመሳሰልባቸው ብዙ ቦታዎች ከስሌቱ ወጡ። እሱ ከዩሬዥያውያን ከእውነታው በላይ የራቀ መስሎ ሲታይ፣ ሌሎቹ አፍሪካውያን ደግሞ የቀረቡ መሰሉ።

ስህተቱን ያዩት ሌሎች የዘረመል ተመራማሪዎች ናቸው፤ ለአጥኚዎቹ ነገሯቸው። አጥኚዎቹም አልተከራከሩም፤ ስሌቱን ደግመው ሠርተው በ2016 መጀመሪያ ስህተቱን ይፋ አደረጉ። እርማቱ ሲታተም ርዕሱ ሳይቀር ተቀየረ፦ «መላው አህጉር» ወጥቶ «ምሥራቅ አፍሪካ» ገባ።

ታዲያ ጥናቱ ለምን ሙሉ በሙሉ አልተሰረዘም? ጂኖሙ በትክክል ተነቧል፤ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ፍልሰት መኖሩም ጸንቷል። የወደቀው አንዱ መደምደሚያ ብቻ ነው። መሰረዝ የሚመጣው ጥናቱ መሠረቱ ሲናድ ነው። በ1998 ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው የ«ላንሴት» ጽሑፍ የደረሰበት ይኸው ነው፤ የተሰረዘው ግን ከ12 ዓመት በኋላ በ2010 ሲሆን፣ እስከዚያ ብዙ ወላጆችን አስፈርቷል። የሞታው እርማት የፈጀው ወራት ብቻ ነው።

እርማት ታተመ ማለት ግን የድሮው ወሬ ጠፋ ማለት አይደለም። ስለዚህ ስለ ዘራችሁ ወይም ስለ ጤናችሁ አስደናቂ ግኝት ስታነቡ፣ ወደ ጆርናሉ ገጽ ጎራ በሉና «እርማት» ወይም «ተሰርዟል» የሚል ማስታወቂያ መኖሩን እዩ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።