የስፔን አገዛዝ በፊሊፒንስ የፍልሚያ ጥበብ ላይ የተወው አሻራ

በፊሊፒንስ ደሴቶች በዱላ፣ በጎራዴ፣ በጩቤና በባዶ እጅ የሚካሄደው ባህላዊ የፍልሚያ ጥበብ በዛሬው ጊዜ በይበልጥ የሚታወቀው አርኒስና ኤስክሪማ በሚሉ ሁለት ስሞች ሲሆን፣ ሁለቱም ከስፔንኛ የተወረሱ ናቸው። ኤስክሪማ በጎራዴ የመፋለም ጥበብ የሚል ፍቺ ካለው ኤስግሪማ ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ አርኒስ ደግሞ የጦር ልብስ ወይም ጥሩር ማለት ከሆነው አርኔስ እንደተገኘ ይታመናል። ከዚህ በመነሣት ጥበቡን ለአገሬው ያስተማሩት ስፔናውያን ናቸው ብሎ መደምደም ግን ስምን ከነገሩ ጋር ማምታታት ይሆናል።

የስፔንን መርከቦች እየመራ ወደ ደሴቶቹ ከመጣው ከማጄላን ጋር የተጓዘው ጣሊያናዊው ጸሐፊ አንቶንዮ ፒጋፌታ፣ እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 27 ቀን 1521 በማክታን ደሴት የአካባቢው አለቃ የላፑላፑ ተዋጊዎች ማጄላንን እንዴት እንደ ገደሉት ሲተርክ፣ ግራ እግሩን የመታው መሣሪያ ቆልማማ ጎራዴ የሚመስል ነገር ግን ከዚያ የሚበልጥ ስለት እንደ ነበረ ጽፏል። ይኸው ጸሐፊ ከሴቡ ሰዎች አፍ የሰበሰበው የቃላት ዝርዝር ካምፒላንና ካሊስ የሚሉትን ስሞች ይዟል። ካምፒላን በአንድ ወገን የተሳለ፣ ወደ ጫፉ እየሰፋ የሚሄድ ረጅም ጎራዴ ሲሆን፣ ካሊስ በሁለቱም ወገን የተሳለ፣ ቀጥ ያለ ወይም እንደ ማዕበል የተጠማዘዘ ስለት ነው። ስፔናውያን ገና ከባሕር ዳርቻው ሳይርቁ፣ አገሩ የራሱ የሆነ መሣሪያና መሣሪያውን የሚጠራበት ቃል ነበረው ማለት ነው።

የአገዛዙ ጫና በይበልጥ የሚታየው ከስሞቹ ይልቅ በመሣሪያዎቹ ዕጣ ላይ ነው። የስፔን ጦር መሪ ሌጋስፒ በ1565 ሴቡን፣ በ1571 ደግሞ ማኒላን ከያዘ በኋላ፣ በቪሳያና በሉዞን ዳቱ ይባሉ የነበሩት የአካባቢ አለቆች የጦር መሪነታቸውን አጥተው ግብር ሰብሳቢዎች ሆኑ፤ ለክብርና ለጦርነት ይታጠቅ የነበረው ረጅም ጎራዴም ቀስ በቀስ ከወገባቸው ወረደ። በቦታው ጎልቶ የቀረው ቦሎ ነው፤ ይህም ገበሬው ኮኮናት የሚፈለፍልበት፣ ጫካ የሚመነጥርበት የገጀራ ዓይነት ነው። ስፔን ሙሉ በሙሉ ልታስገብራቸው ባልቻለቻቸው በደቡብ በሚገኙት በማጊንዳናውና በሱሉ ሱልጣኔቶች ግን ካምፒላንም ካሊስም የመኳንንት መታጠቂያ ሆነው ዘለቁ። የመሣሪያዎቹ ሥርጭት የአገዛዙን ድንበር እንደ ካርታ ያሳያል ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ቅኝ ገዥዎቹ የጦር ጥበቡን ስለ ከለከሉ ሕዝቡ ሞሮሞሮ በተባለው፣ ክርስቲያኖችና ሙስሊሞች ሲዋጉ በሚያሳየው የመድረክ ተውኔት ውስጥ ሸሽጎ አቆየው የሚለው ትረካ እጅግ የታወቀ ነው። ተውኔቱ በእርግጥ ከስፔን የመጣና በጎራዴ ውዝዋዜ የተሞላ ነው፤ ትረካው ግን የተስፋፋው በ20ኛው ክፍለ ዘመን በታተሙ መጻሕፍት ሲሆን፣ ያለ ቦሎ አንድ ቀን መዋል ከማይችል ገበሬ ላይ ስለት ሁሉ ተነጥቆ ነበር ማለትም ለማመን ይከብዳል። ይልቁንም ስፔናውያኑንና አገሬውን ያገናኛቸው ወታደርነት ነው። በሉዞን የምትገኘው የፓምፓንጋ ሰዎች ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በስፔን ጦር ውስጥ በብዛት አገልግለዋል፤ በቪሳያ የባሕር ዳርቻዎችም ከደቡብ የሚመጣውን ወረራ ለመመከት የስፔን መነኮሳት ራሳቸው የመጠበቂያ ግንቦች እያሠሩ መንደርተኛውን ያደራጁ ነበር።

የዚህ ግንኙነት ግልጽ ምልክት ኤስፓዳ ኢ ዳጋ፣ ማለትም ጎራዴና ጩቤ የሚባለው ስልት ነው። ፒጋፌታ ያያቸው ተዋጊዎች በጋሻ ይከላከሉ ነበር፤ በዚህ ስልት ግን ቀኝ እጅ ጎራዴ ወይም ዱላ ይዞ ሲመታ፣ ግራ እጅ በጋሻ ፋንታ ጩቤ ይዞ የባላጋራን ምት ይመልሳል፣ አጋጣሚ ሲገኝም ይወጋል። አውሮፓውያን በ16ኛውና በ17ኛው ክፍለ ዘመን ይፋለሙበት የነበረውና በኋላ የተዉት ይህ ስልት በፊሊፒንስ ሕያው ሆኖ ቀርቷል። እንደ ማራገቢያ የሚወናጨፈው ምት አባኒኮ፣ በክብ የሚዞረው ሬዶንዳ መባላቸውም ከስፔንኛ ነው። ሁለት ዱላ እያጠላለፉ የሚመቱበት ሲናዋሊ ግን ስሙን ያገኘው ሳዋሊ ከተባለው፣ አገሬው ለቤት ግድግዳ ከሚሠራው የቀርከሃ ልጥ ሽመና ነው። በአንድ ተማሪ እጅ ሁለቱ ቋንቋዎች ሳይጣሉ አብረው ይሠራሉ፤ የጥበቡ ትልቅነትም እዚህ ላይ ነው፤ የተቀበለውን ሁሉ ከቀርከሃውና ከቦሎው ጋር አዋሕዶ የራሱ አድርጎታልና።

በ1932 በሴቡ የተመሠረተው የኤስክሪማ ማኅበር ዶሴ ፓሬስ የሚለውን ስያሜ የወሰደው በስፔን የጀብዱ ትረካዎች አማካይነት በደሴቶቹ ከታወቁት ከንጉሥ ሻርለማኝ 12 ባላባቶች ነው። የፊሊፒንስ መንግሥት በ2009 ባወጣው የሪፐብሊክ አዋጅ ቁጥር 9850 ይህንኑ ጥበብ የአገሪቱ ብሔራዊ የፍልሚያ ጥበብና ስፖርት አድርጎ ሲደነግግ፣ የሰጠው ሕጋዊ ስም አርኒስ የሚለው ነው።